እድር ለአደጋ ዝግጅት ይዋል?

ይዋል የሚለው ጸሐፊ

እድር፣ ማለትም አባላቱ በየወሩ እያዋጡ ቀብርንና ሐዘንን በጋራ የሚወጡበት ማኅበር፣ የአባላት መዝገብ፣ ድንኳን፣ ድስት፣ ገንዘብ ያዥና ጡሩንባ ነፊ ስላለው የመንግሥት እርዳታ እስኪደርስ ያሉትን ሰዓታት ሊሸፍን ይችላል። ሰንበቴ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ማኅበር የአንድ ደብር ምእመናንን ብቻ ሲያሰባስብ ብዙ የከተማ እድሮች ግን ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን በአንድ መዝገብ ይይዛሉ። በኤች አይ ቪ ወረርሽኝ ዘመን አንዳንድ የአዲስ አበባ እድሮች ሕሙማንንና ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናትን መደገፋቸውም እድር ከቀብር ሌላ ሥራ አይችልም የሚለውን አስተያየት ውድቅ ያደርገዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን የመሬት ናዳ በደረሰ ጊዜ ጎረቤቶቻቸውን ለማውጣት የሮጡ ብዙ ሰዎች በተከታዩ ናዳ ተቀብረዋል፤ የጎደላቸው ሥልጠና እንጂ ፈቃደኝነት አልነበረም፤ ስለሆነም ከወርሃዊው መዋጮ ጥቂቱን ለሥልጠናና ለመጠባበቂያ መመደብ (ቀብርን የሚያስቀር ወጪ ከእድር ዓላማ ውጪ ነው ካልተባለ በቀር) የሚያስነቅፍ አይደለም።

አይዋል የሚለው ጸሐፊ

ይህ አስተያየት የስጋትን ዓይነት አይለይም። እድር የሚጸናው ሞት አንዱን ቤት ሲጎበኝ ሌሎቹ ለመርዳት ስለሚተርፉ ነው፤ ድርቅና ጎርፍ ግን የጋራ ስጋት፣ ማለትም አዋጪውንና ተረጂውን በአንድ ጊዜ የሚመታ ጉዳት በመሆናቸው፣ ሁሉም ከእድሩ ሣጥን በሚጠይቅበት ቀን ሣጥኑ ባዶ ይሆናል። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ የወሎና የትግራይ ገበሬ የተሰደደው መተሳሰብ ጎድሎት ሳይሆን፣ በድርቁና በጊዜው በነበረው ጦርነት ሳቢያ ከጎረቤቱ ጋር የሚካፈለው እህል ስላልነበረ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም፣ ማለትም የምግብ እጥረት ሥር የሰደደባቸው ቤተሰቦች በማኅበረሰብ ሥራ እየተሳተፉ፣ መሥራት የማይችሉትም ያለ ሥራ፣ ገንዘብ ወይም እህል የሚያገኙበት አሠራር፣ ከተጎዳው አካባቢ ውጪ ካለ ምንጭ ሀብት ስለሚያመጣ ይህን ክፍተት ይሞላል፤ መዋጮ መክፈል ባለመቻሉ ከእድር መዝገብ የሚሰረዘው ድኻም የሚደርሰው እንዲህ ያለው አሠራር ነው፣ ምንም እንኳ የእድር አወዳሾች ስለ ስረዛው ብዙ ባያነሡ። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተደርምሶ ከ100 በላይ ሰዎች ሲሞቱ የጠፋው አስተዛዛኝ አልነበረም፤ ነዋሪዎቹን አስቀድሞ ከክምሩ ሥር አንሥቶ ሌላ መጠለያ የመስጠት ሥልጣንና በጀት የሚጠየቀው ከከተማው አስተዳደር ነው፣ ከእድር ዳኛ አይደለም።