ድራማው ላይ ማን ይግባ?

ዛሬ የምጽፈው ስለ ክበባችን ድራማ ነው። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ ወንድ ልጅ ነኝ፤ መድረክ ላይ ግን ሦስት ጊዜ እናት ሆኛለሁ። ሻሽ አስሬ፣ የእናቴን ነጠላ ለብሼ፣ ወገቤ ላይ ጨርቅ ጠቅልዬ። ከዚያ ወዲህ ትንንሾቹ ተማሪዎች በስሜ አይጠሩኝም፤ «እማዬ መጣች» ነው የሚሉት። ለምጄዋለሁ።

ታዲያ ለምን እኔ ተመረጥኩ? ማንም አልፈተነኝም። አምስተኛ ክፍል እያለሁ አንድ ቀን በማይክሮፎን ዜና አነበብኩ፤ ሳልደናቀፍ ጨረስኩ፤ «አማርኛው ጥሩ ነው» ተባለ። በዚያው ቀረሁ። ቤታችንም ለትምህርት ቤቱ ቅርብ ስለሆነ ለልምምድ አላረፍድም። በቃ፣ ምክንያቱ ይኸው ነው። ሌሎቹም የክበባችን ተዋንያን የገቡት እንደኔ ነው፤ አንዱ የጓደኛው ጓደኛ፣ አንዱ ድምፁ ትልቅ፣ አንዱ ደግሞ ኮት ስላለው አባት የሚሆን። (ኮቱ የታላቅ ወንድሙ ነው።)

ያለፈው ድራማችን ስለ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ነበር። አባት ልጁን ከሰባተኛ ክፍል አስወጥቶ ሊድር ይነሳል፤ እናት መጀመሪያ ዝም ትላለች፣ በኋላ ግን ሌሊት ብቻዋን ታለቅሳለች፣ ከዚያ ተነስታ «ልጄን አልሰጥም» ትላለች። ይቺ ቦታ ናት የድራማው ልብ። ሁለት ሳምንት ተለማምጄባታለሁ። ቀኑ ደርሶ ተንበርክኬ ማልቀስ ስጀምር ግቢው በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። መምህራን ሳቁ፣ ወላጆች ሳቁ፣ አባት ሆኖ የሚጫወተው ጓደኛዬም ጀርባውን አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲያልቅ አንዲት እናት ጠርተውኝ «ጎበዝ ልጄ» ካሉ በኋላ «ግን ያቺ እናት የሬዲዮ ጋዜጠኛ ናት እንዴ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የኛ ድራማ እናት ማሽላ የምታርም፣ ውኃ የምትቀዳ፣ ገበያ የምትወርድ የዚሁ የመሰላ አካባቢ ገበሬ ናት ብለን ጽፈናታል። እኔ ደግሞ ዜና እንደማነብ አድርጌ አስለቀስኳት። እንዲህ ዓይነት እናት ማን ያውቃል? እኔ እስካሁን አላየሁም።

በዚያ ቀን መጋረጃውን በግራ በኩል ይዛ የቆመች ልጅ ነበረች። ስሟን አልጽፍም፤ «እንዳትጽፍ» ብላኛለች። በሳምንቱ ቧንቧ ጋ ወረፋ ይዤ ስጠብቅ እሷ ለጓደኞቿ የኔን ቦታ ስትጫወት ደረስኩ። ጽሑፉን አልያዘችም፤ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና በጆሮዋ ነው የያዘችው። ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ትናገራለች። አላለቀሰችም። ሻሿን አውልቃ እጇ ላይ ጠቅልላ «ይቺን ልጅ የወለድኳት እኔ ነኝ» አለች፣ ቀስ ብላ። ማንም አልሳቀም። አንዲት ትንሽ ልጅ ጀሪካኗ ሞልቶ እየፈሰሰ እሷ ግን ቆማ ታያለች።

በኋላ «ለምን ክበቡ ድራማ ውስጥ አልገባሽም?» ብዬ ጠየቅኳት። «ማን ጠየቀኝ?» አለች። ዝም ስል ጊዜ ደግሞ «አማርኛዬ ይሰባበራል ትላላችሁ አይደል?» ብላ ጨመረች። እኔ ብያለሁ ወይስ አላልኩም ብዬ ሳስብ ብያለሁ። አንድ ቀን ስለ ሌላ ልጅ ስንነጋገር «ቃሉን አስተካክላ አትጠራም» ያልኩት እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ይሄን ጽሑፍ መምህራንን ለመውቀስ የጻፍኩት እንዳይመስላችሁ። መራጮቹም ተመራጮቹም እኛው የክበቡ ልጆች ነን።

እንግዲህ ሐሳቤ ይሄ ነው፦ ለሰኔው የወላጆች በዓል ድራማ ተዋንያን የሚመረጡት በግልጽ ፈተና ይሁን። በቴአትር ቤትና በፊልም ሠሪዎች ዘንድ ኦዲሽን ይሉታል። ቀኑና ሰዓቱ ቀድሞ ይነገራል፣ የፈለገ ሁሉ ይመጣል፣ እያንዳንዱ ትንሽ ነገር ያሳያል፣ ዳኞች ያያሉ፣ ለገጸ ባሕርይው የሚሆነው ሰው ይመረጣል። የማን ጓደኛ ነው፣ ቤቱ የት ነው አይባልም።

«ይሄ የአዲስ አበባ ነገር ነው፣ ለኛ ምን ያደርግልናል» የሚል አይጠፋም። ቆይ እንጂ! ቴአትርን እኮ ከጨርጨር የሚያርቀው ነገር የለም። የአገራችን የመጀመሪያው ተውኔት «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ይባላል። በ1913 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ውስጥ ሆቴል ውስጥ ለመኳንንቱ ታየ። ደራሲው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ልጅ ሆነው ሩሲያ ሄደው የተማሩ፣ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። እኚሁ ሰው ናቸው እንግዲህ የጨርጨር ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪ ላይ የተቀመጡት፤ ዛሬ ጭሮ የምንላት ከተማ ስትቋቋም ስማቸው የሚነሳው። መኪና ላይ ወጥተን ጭሮ በሄድን ቁጥር የመጀመሪያው ተውኔት ደራሲ ያስተዳደሩት ከተማ ውስጥ ነው የምንዞረው ማለት ነው። እኔ ይሄን ሳውቅ ገርሞኛል፤ እናንተም ይግረማችሁ።

ተውኔቱ ውስጥ የሚናገሩት እንስሳት ናቸው። በእንስሳት አስመስለው የሰዎችን አስተዳደር ስለነኩ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ቤተ መንግሥቱ አልወደደውም፣ ታገደ። እኔን የሳበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ጅብ በምን ዓይነት አማርኛ ነው የሚናገረው? የጎጃም ነው፣ የሸዋ ነው፣ የሐረርጌ? የሐረርጌ ጅብማ የሐረርጌን ሰው አነጋገር ቢናገር ነው የሚያምርበት። ለጅብ ያላሰብነውን ንጹህ አማርኛ ለገበሬዋ እናት ለምን ግዴታ እናደርግባታለን?

ወንድ ሻሽ አስሮ እናት መሆኑም በኔ አልተጀመረም። በእንግሊዝ አገር በሼክስፒር ዘመን የሴት ገጸ ባሕርያትን የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ነበሩ። በኛም አገር ቴአትር ሲጀመር የሴቶችን ቦታ ወንዶች ነበሩ የሚሸፍኑት፤ ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር ይታይ ስለነበር ነው። ያ ጊዜ አለፈ። እኛ ግቢ ግን ሴቶቹ የሚቀሩት ነውር ተብሎ ሳይሆን ልምምዱ ከትምህርት በኋላ ስለሆነ ነው። ሲደወል እኛ ወንዶች ኳስ ይዘን እንቀራለን፣ እነሱ ውኃ ሊቀዱ፣ ከብት ሊያስገቡ፣ እናታቸው ገበያ ከሆነች ታናናሾቻቸውን ሊይዙ ይሮጣሉ። ከዚያ እኛ «ሴቶቹ ፍላጎት የላቸውም» እንላለን። ስለዚህ ፈተናው በዕረፍት ሰዓት ይሁን፣ ለጠዋት ፈረቃም ለከሰዓት ፈረቃም። ልምምዱም ቢቻል እንዲሁ።

ሌላው ስለ ንባቡ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ፈተና ሲባል ወረቀት ሰጥቶ «አንብብ» ማለት የሚቀናን ይመስለኛል። ይሄ ልክ አይደለም። ከመካከላችን ብዙው ተማሪ የሚማረው በኦሮምኛ፣ በቁቤ ነው፤ ፊደል ላይ ቀስ የሚል አለ። ወረቀት ከሰጠነው የምንፈትነው ንባቡን ነው፣ ትወናውን አይደለም። ንባብ ለመፈተንማ የአማርኛ መምህራችን አሉ፣ ይበቁናል! ይልቅ ነገሩን በቃል እንንገረው። «አህያህ ጠፍታብሃለች፣ ጨልሟል፣ አባትህ በር ላይ ቆመው ይጠብቁሃል፤ ግባ» እንበለውና እንየው። ወይም «ገበያ ላይ ገንዘብሽ ወድቆብሻል፤ ጎረቤትሽ አነሳችው መሰለሽ፤ አናግሪያት።» በፈለገው ቋንቋ ይናገር። አስመስሎ መኖር የሚችል ልጅ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይታወቃል። እኔ ለምሳሌ አህያ ፈልግ ብትሉኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ ዜና አነብላችሁ ይሆናል።

ዳኛው ደግሞ አንድ ሰው ባይሆን። የክበቡ ተጠሪ መምህር፣ አንድ ሌላ መምህር፣ ከተማሪም አንድ ሰው፤ ተማሪው ግን ራሱ የማይወዳደር ይሁን። ውጤቱ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ያልገቡትም ምን ሥራ እንደሚሠሩ አብሮ ይለጠፍ፤ ድምፅ ማጉያ የሚይዝ፣ ልብስ የሚያዘጋጅ፣ ከኋላ ሆኖ ቃል የሚያስታውስ ያስፈልገናል።

ሰው በልጅነቱ አንድ ጊዜ «እስኪ አሳየን» መባሉ ቀላል ነገር አይደለም። ጥላሁን ገሠሠ ወሊሶ ተማሪ ሆኖ ሳለ በ1927 ዓ.ም. ከተቋቋመው ከሀገር ፍቅር ባለሙያዎች ጋር የተገናኘው ለሥራ ወደሱ ትምህርት ቤት በመጡ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ጉዞውን ወደ አዲስ አበባ ያደረገው። የኛው የሐረርጌው አሊ ቢራም ድሬዳዋ ላይ አፍረን ቀሎ ከሚባለው ቡድን ጋር ሲቀላቀል ዕድሜው 14 ገደማ ነበር፤ ስምንተኛ ክፍል ያላችሁት እኩያችሁ ማለት ነው። «ቢራ» የሚለው ስምም የወጣለት ከመጀመሪያ ዘፈኑ ነው። ሁሉም ሰው ጥላሁን ወይም አሊ ይሆናል አላልኩም። እነሱንም ግን ያኔ ማንም ባይሰማቸው ኖሮ የሰፈራቸው ሰው ብቻ ነበር የሚያውቃቸው።

አሁን የሚቃወሙኝን ልስማ። ጊዜ የለም ይላሉ። እውነት ነው፤ ፈተናም ደርሷል፣ በተለይ ለኛ ለስምንተኞች። ግን ያለፈውን ድራማ ሁለት ሳምንት ተለማምደን ሰው ሳቀብን፤ ከዚያ ላይ ሁለት ቀን ለምርጫ ብናወጣ ምን ይቀርብናል? ሁለተኛ፣ ትርምስ ይሆናል ይላሉ። ይሆናል። ግማሹ ለጨዋታ ነው የሚመጣው። ስም አስቀድሞ በክፍል አለቆች ቢመዘገብ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ግን እኔንም ያስቸግረኛል። የወደቀ ልጅ ያፍራል። ዛሬ ማንም ሳይጠየቅ ስለሚመረጥ ማንም «ወደቅኩ» አይልም፤ ፈተና ሲኖር ግን ሁሉም ያያል። ደግሞ ዓይን አፋር ልጅ አለ፤ ቧንቧ ጋ ሲሆን አንደኛ፣ ዳኛ ፊት ሲቆም ግን ምላሱ የሚታሰር። ለዚህ ያገኘሁት መልስ ግማሽ ነው። ፈተናው ሜዳ ላይ ሳይሆን ክፍል ውስጥ በሩ ተዘግቶ ይሁን፤ ያፈረ ደግሞ ከጓደኛው ጋር ሁለት ሆኖ ይግባ፣ በማግስቱም አንድ ዕድል ይሰጠው። ከዚህ የተሻለ የሚያውቅ መምህር ወይም ተማሪ ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍልን። ቦታ እንተውለታለን፤ ባዶውን ገጽ የምንሞላው እኛው ስለሆንን ደስ ይለናል።

ለዚያች ልጅ ይሄን ጽሑፍ ሳልሰጥ በፊት አንብቤላታለሁ። «ፈተናው በዕረፍት ሰዓት ከሆነ እመጣለሁ» አለች። «እናትየዋ ግን ኦሮምኛ ትናገር፤ ልጇን በአማርኛ አትቆጣም» አለች። ለክበቡ አቅርቤዋለሁ። ግቢያችን ውስጥ ያን የማይሰማ ወላጅ ያለ አይመስለኝም።

እኔም እፈተናለሁ፤ ቦታዬን እንዲሁ በነፃ አልለቅም። ከበለጠችኝ ግን ሻሹንና ነጠላውን አስረክቤ ወደ መጋረጃው እሄዳለሁ። ገመዱ በግራ በኩል ከተበጠሰ ቆይቷል፤ የሚይዘው ሰው ያስፈልጋል።