ወንጭፍና የዛፍ ላይ ጎጆ

የበልግ ዝናብ ሲጀምር በኮንጋ የቡና ማሳዎች የወፍ ዜማ ይበረክታል። የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የከረሙት እንግዶች በመጋቢትና በሚያዝያ ሲመለሱ፣ ነባሮቹ በቦታቸው ይቀራሉ። የጌዴኦ ገበሬ ቡናውንና እንሰቱን በብርብራ፣ በዋንዛና በሾላ ጥላ ሥር ስለሚያለማ ለአእዋፍም መጠለያ ተርፏቸዋል። ይህ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

በደቡብ ደኖቻችን የሚኖር፣ ጥቁርና ነጭ ላባ ያለው፣ ምንቃረ ትልቅ የሾላ ፍሬ ወዳድ ወፍ አለ። እናቲቱ እንቁላል ለመጣል ባረጀ ዛፍ ሽንቁር ውስጥ ትገባለች፤ መግቢያውም በጭቃ ይደፈናል። አባትየው በቀረችው ጠባብ ቀዳዳ በኩል ከሦስት ወር በላይ ፍሬ እያመላለሰ እሷንና ጫጩቱን ይቀልባል።

እንግዲህ እናቶች ሆይ፣ ልጃችን ይህን አባት በወንጭፍ ቢመታው፣ በጨለማ ሆነው ቀለባቸውን የሚጠብቁትም ለረሀብ ይዳረጋሉ። ያረጀው ዛፍ ሲቆረጥም ጎጆው አብሮ ይፈርሳል። ተባይ የሚለቅሙና የዛፍ ዘር የሚበትኑ ወፎች ሲመናመኑ ጉዳቱ ለገበሬውም ይተርፋል።

በዲላና በይርጋ ጨፌ የምትኖሩ ወላጆች፣ በዕረፍት ቀን ማለዳ ልጆቻችሁን ወደ ዛፎቹ ጥላ ውሰዷቸው። ወንጭፉ ቤት ይቅር። ያዩትን ወፍ መልክና ድምፅ በደብተራቸው ይጻፉ፤ ስሙንም አያቶቻቸውን ይጠይቁ።