ኩበት ለምድጃ ወይስ ለማሳ?

አንባቢ ሆይ፣ በማለዳ ከደጋው መንደር ጎጆዎች የሚወጣውን ጢስ ተመልከት። ጢሱ እንጀራ መጋገሩን ያበሥራል። ነገር ግን በምድጃው የሚነደው ኩበት ከሆነ የማሳው ቀለብ አብሮ ወደ ሰማይ እንደሚተን የሚያስተውለው ሰው ጥቂት ነው።

አፈር ሕይወት የሌለው ትቢያ አይደለም። በአንድ ማንኪያ ለም አፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ፣ በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠሩ ተሐዋስያን ይኖራሉ። እነርሱም ፍጉንና ገለባውን ያበሰብሳሉ፤ ከካርቦኑ ከፊሉን ተንፍሰው ወደ አየር ይመልሱታል፤ ከፊሉን በአፈሩ ውስጥ ያስቀሩታል፤ ናይትሮጅኑንም የሰብል ሥር ሊስበው ወደሚችል መልክ ይለውጡታል። ኩበት ሲነድ ግን ካርቦኑና ናይትሮጅኑ በአብዛኛው ወደ አየር ስለሚሄዱ የሚተርፈው አመድ ብቻ ነው። አመድ ፎስፎረስና ፖታሲየም ቢኖረውም ተሐዋስያንን አይቀልብም።

በዚህም ላይ የጤፍ ማሳ ደጋግሞ ይታረሳል። በታረሰ ቁጥር አየር ወደ ውስጥ ስለሚገባ ተሐዋስያኑ የቀረውን ብስባሽ ፈጥነው ይጨርሱታል። እየተወሰደበት የማይጨመርበት ጎተራ መራቆቱ አይቀርም፤ የመሬትም ነገር እንዲሁ ነው።

አባቶቻችን ጤፍንና ስንዴን ከባቄላና ከሽምብራ ጋር ማፈራረቃቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከአየር 78 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ቢሆንም ተክል እንዳለ ሊጠቀምበት አይችልም። በጥራጥሬ ሥር የሚኖሩ ሪዞቢየም የተባሉ ባክቴሪያዎች ግን ይህንኑ ናይትሮጅን ለተክሉ ምግብ ያደርጉታል። ይህንንም ሄልሪገልና ቪልፋርት የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን እ.ኤ.አ. በ1888 ባሳተሙት ጥናት አስረድተዋል። አንተም ያበበ ባቄላ ነቅለህ ሥሩን መርምር፤ ትናንሽ እባጮች ታገኛለህ። ሰንጥቀህ ስታያቸው ውስጣቸው ቀላ ያለ ከሆነ ባክቴሪያዎቹ በሥራ ላይ ናቸው።

«ማዳበሪያ ከገበያ ይገዛ የለምን?» የሚል ይኖራል። የማዳበሪያን ጥቅም አልክድም፤ ሆኖም ዩሪያ ናይትሮጅን ቢሰጥም ብስባሽን አይተካም። ብስባሽ ያነሰው አፈር ደግሞ እርጥበት መያዝ ይሳነዋል፤ የተጨመረለትንም ማዳበሪያ ጎርፍ ይወስድበታል።

«ታዲያ እናት ምን ታንድድ?» ብትለኝ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ሌላ ማገዶ የሌላትን እናት መውቀስ ግፍ ነው። ስለሆነም ኩበት አታንድጂ ከማለት በፊት ምትኩን ማቅረብ ይገባል። በማይታረሰው ጥግ ሁሉ የማገዶ ዛፍ ይተከል። ከብት ያለውና ውኃ የሚቀርበው ቤተሰብም የባዮጋዝ ጉድጓድ ቢያበጅ ጋዙ ወጡን ያበስላል፤ ናይትሮጅኑ ግን በአብዛኛው በተረፈው ዝቃጭ ውስጥ ስለሚቀር ወደ ማሳው ይመለሳል። ያን ጊዜ እበቱ ምድጃውንም ማሳውንም ያገለግላል።

መሬት ቀለቧን ስትነፈግ አትጮኽም፤ መልሷን የምትሰጠው በአዝመራው ነው። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ነገ የምትበላውን እንጀራ የምትሻ ከሆነ ዛሬ ለመሬት ድርሻዋን መልስላት።