ግልባጭን ስለ መጠበቅ

ለመዝገብ ግልባጭ ማስቀመጥ ብልህነት መሆኑን የማያውቅ ሹም የለም። ነገር ግን ግልባጩን የሚጠብቀው ሶፍትዌር ራሱ የተወሰነ ዘመን እንዳለው የሚያስብ ጥቂት ነው።

ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ ለዊንዶውስ ሰርቨር 2012 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በኦክቶበር 10 ቀን 2023 አቁሟል፤ ለ2016ቱም ጃንዩወሪ 12 ቀን 2027 ተወስኗል። ከዚያ ወዲያ ለሚገኝ ጉድለት፥ ልዩ ክፍያ ካልተከፈለ በቀር፥ ጠጋኝ የለም።

በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም የእንግሊዝን ሐኪም ቤቶች ሥራ ባስፈታ ጊዜ፥ ጥገናው በማርች ወጥቶ ነበር። ዘመናቸው ላለፈው ግን ለሁሉ የተሰጠው ጥፋቱ ከደረሰ በኋላ ነው።

የግልባጭ ሰርቨር ዕለት ዕለት ስለማይታይ ይረሳል። ዘራፊ ግን አስቀድሞ የሚሻው እርሱን ነው፤ ግልባጭ የሌለው ሰው ቤዛ ለመክፈል ይገደዳልና። ደግሞም በአሮጌው ፕሮግራም የተቀመጠው በአዲሱ ላይነበብ ይችላል። ብራና የሚገለበጠው ጽሕፈቱ ሳይጠፋ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የፕሮግራሞቹን ዝርዝር ከማብቂያ ቀናቸው ጋራ ይጻፍ፤ በጀቱን ከዓመት በፊት ይጠይቅ፤ አሮጌውን ከመተዉም በፊት ግልባጩ በአዲሱ መነበቡን ይፈትን። ቀኑ አስቀድሞ የተነገረ ስለ ሆነ፥ ድንገት ደረሰብን ማለት ምክንያት አይሆንም።