ስለ ተጠበሰ ዶሮ ሳንድዊችና ስለ ወረት

በአማርኛ «ወረት» የሚለው ቃል ሁለት ፍቺ አለው። አንደኛው፥ ነጋዴ ሥራውን የሚጀምርበት መነሻ ገንዘብ ነው። ሁለተኛው፥ አዲስ በመሆኑ ብቻ የሚወደድና ብዙ ሳይቆይ የሚሰለች ነገር ነው። ሁለቱ በአንድ ስም መጠራታቸው ለነጋዴ መልካም ማስጠንቀቂያ ነው፤ ፊተኛው ወረት በኋለኛው ወረት ላይ የፈሰሰ እንደ ሆነ አብሮት ይጠፋልና።

ይህን ያነሣነው በዘይት የተጠበሰ ዶሮ በዳቦ መካከል አድርገው የሚሸጡ ምግብ ቤቶች በአዲስ አበባ እየበረከቱ በመሄዳቸው፥ ወሬያቸውም እስከ ጉና ግርጌ በመድረሱ ነው። በደጃፋቸው የሚታየውን ሰልፍ በስልክ ላይ አይቶ፥ «እኔስ በደብረ ታቦር ብከፍተው?» ብሎ የሚያስብ ነጋዴ አይጠፋም። ስለዚህ ይህ ምግብ የተወራለትን ያህል ዋጋ አለውን? በእኛስ አገር ገንዘብ ሊፈስበት ይገባልን? የሚለውን ጥያቄ በነጋዴ ዐይን መመርመር ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

የዚህ ሳንድዊች ዝና በዓለም ላይ የገነነው በአሜሪካ በተደረገ የንግድ ፉክክር ነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1972 በሉዊዚያና የተመሠረተው ፖፓይስ የተባለው ኩባንያ፥ ነሐሴ 6 ቀን 2011 ዓ.ም. የዶሮ ሳንድዊች በ3 ዶላር ከ99 ሳንቲም በመላው አገሩ መሸጥ ጀመረ። ነገሩ አዲስ ፈጠራ አልነበረም፤ ቺክፊላ የተባለው ተወዳዳሪው ይህንኑ ዐይነት ሳንድዊች ከ1964 ጀምሮ ሲሸጥ የኖረ ነው። ነገር ግን ሁለቱ ኩባንያዎች «የእኔ ይበልጣል» እየተባባሉ በማኅበራዊ መገናኛ በአደባባይ ሲነካኩ፥ ሕዝቡ ዳኛ ሆኖ ገባበት። ሰልፉ ረዘመ፤ ለሰባት ሳምንት ያህል ይበቃል ተብሎ የተሰናዳው ዕቃም በሁለት ሳምንት ገደማ አለቀ።

ብዙ ሰው የሳንድዊቹን ድል የሚለካው በዚያ በነሐሴው ሰልፍ ነው። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ዕቃ ያለቀበት ነጋዴ ደንበኛውን ባዶ እጁን የሸኘ ነጋዴ ነው፤ በዚያ ወር የገነነው ወሬው እንጂ ሥራው አልነበረም። ምስጋና የሚገባው ከዚያ በኋላ ለተሠራው ነው። ኩባንያው የዶሮ አቅርቦቱን አደላድሎና ሠራተኛ ጨምሮ ጥቅምት 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ወደ ገበያ ተመለሰ። ዕለቱ እሑድ ነበር፤ ቺክፊላ ደግሞ እሑድ እሑድ የሚዘጋ ነውና ቀኑ በብልኃት የተመረጠ ነው። በዚያው ሩብ ዓመት የፖፓይስ ነባር ቤቶች ሽያጭ ከቀዳሚው ዓመት ሽያጭ ከሲሶ በላይ ከፍ አለ፤ በ2021ም ኬንታኪና ማክዶናልድ የየራሳቸውን አዲስ የዶሮ ሳንድዊች ይዘው ተከተሉት። እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው፤ ሳንድዊቹ በአገሩ ዝናው ይገባዋል፤ የሚገባው ግን ቶሎ ስላለቀ ሳይሆን ተመልሶ በገበያው ስለ ጸና ነው።

በአገሩ የጸና ነገር ሁሉ በእኛ አገር ይጸናል ማለት ግን አይደለም። ይህን ለመረዳት በአዲስ አበባ ብዙ ወሬ ተወርቶላቸው ከወሬው ያለፉትን ማየት ይበቃል። ካልዲስ ኮፊ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2004 ሲከፈት ምልክቱና አቀራረቡ ስታርባክስ የተባለውን የአሜሪካ ቡና ቤት ይመስላል ተብሎ ብዙ ተነገረለት። ወሬው ካለፈም በኋላ ቤቱ ቅርንጫፍ እየጨመረ ሄደ፤ ቡና በጾምም በፍስክም ይጠጣል፥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይጠጣዋል፥ የሚበቅለውም በአገራችን ነውና። ፒዛ ሀት የተባለው የአሜሪካ ድርጅትም በ2010 ዓ.ም. በአገር ውስጥ ኩባንያ አማካይነት አዲስ አበባ ሲገባ፥ ፒዛን የሚያውቅና አይብ የሌለበትን የጾም ፒዛ መብላት የለመደ ከተማ ጠብቆታል።

የተጠበሰ ዶሮ በጉና አውራጃዎች ከነዚህ ድጋፎች አንዱንም አያገኝም።

በመጀመሪያ ጾሙ አለ። ፖፓይስ ሽያጩን የጀመረበት ነሐሴ 6 ቀን በእኛ ዘንድ የፍልሰታ ጾም ነበር። ያ ሱቅ በዚያን ቀን ደብረ ታቦር ላይ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ በደጃፉ ማን ይሰለፍ ነበር? ከሳምንት በኋላ ለቡሄ የታደለው እንኳ ሙልሙል ዳቦ ነው እንጂ ዶሮ አይደለም። ረቡዕና ዓርብ፥ የዐቢይ ጾም 55 ቀን፥ የገናው፥ የሐዋርያቱና የፍልሰታው ሲደመር ለምእመናን ሁሉ የታዘዘው ጾም በዓመት ወደ 180 ቀን ይደርሳል። ቺክፊላ በዓመት 52 እሑዶችን ዘግቶ ያተርፋል። ግማሽ ዓመት ገበያው የሚቀዘቅዝበት ሱቅ ግን ኪራዩን ከምን ይከፍላል? የቤት ኪራይ ጾም አያውቅም።

ሁለተኛው የባርኮት ጉዳይ ነው። ቡና ሻጭ ደንበኛውን ሃይማኖቱን ሳይጠይቅ ያስተናግዳል። ዶሮ ሻጭ ግን ማን እንደ ባረከው መናገር አለበት፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የየራሱን ባርኮት ይፈልጋልና። ስለዚህ ሱቁ በተከፈተበት ቀን ከከተማው ገዢ አንዱን ወገን ትቶ ይነሣል። ይህ ነውር አይደለም፤ ሥጋ ቤቶቻችን ሁሉ እንዲሁ ይሠራሉ። ነገር ግን ሒሳብ የሚያሰላ ነጋዴ የከተማውን ሕዝብ ሁሉ ደንበኛዬ ነው ብሎ እንዳይቆጥር ሊያስብበት ይገባል።

ሦስተኛው ዶሮዋ ራሷ ናት። ተመራማሪዎች በየስማቸው ለይተው ካጠኗቸው የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ አገረኛ ዶሮዎች መካከል የጋሳይና የመሎ ሐሙሲት ዶሮዎች የእኛው አገር ናቸው። እነዚህ ዶሮዎች ጥረው ግረው የሚያድጉ፥ ለገበያ ለመድረስ አምስትና ስድስት ወር የሚፈጅባቸው፥ ሥጋቸው ጠንካራ ነው። በአሥራ ሁለት ብልት ተገንጥለው በቁሌት ረጅም ሰዓት ለሚበስሉበት ለዶሮ ወጥ የሚወዳደራቸው የለም። ሳንድዊቹ ግን የሚፈልገው በጥቂት ደቂቃ የሚበስል ለስላሳ ሥጋ ነው፤ ይህም በስድስትና በሰባት ሳምንት የሚደርሰው የሥጋ ዶሮ ነው። እርሱም ጫጩት፥ የተመጣጠነ መኖ፥ መታረጃና ማቀዝቀዣ ይሻል። ሥጋው ከሩቅ ተጭኖ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ፥ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በደረሰው ግጭት እንዳየነው፥ መንገድ በተዘጋ ቀን ሱቁም ይዘጋል።

በዚህ ላይ የአገሩን ከፍታ መዘንጋት አይገባም። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,600 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ በሥጋው ውስጥ ያለው እርጥበት ቶሎ እየተነነ፥ ላዩ ሲያርር ውስጡ ጥሬ ሊቀር ይችላል። የዘይቱን ግለት ቀንሶ ጊዜውን ማርዘም፥ አለዚያም የኬንታኪው ሳንደርስ ዶሮ ለመጥበስ የተጠቀመበትን ዐይነት በእንፋሎት ግፊት የሚሠራ ድስት ማስመጣት ያስፈልጋል። ያ ዕቃ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ አብዛኛው የምግብ ዘይትም እንዲሁ ከውጭ የሚገባ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መሆኑን አስመጪዎች አንባብያን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል።

«እንግዲያስ አዲስ ነገር አይሞከር ነው የምትሉት?» የሚል ቢኖር፥ አይደለም። የምንለው፥ ወረቱን በአገሩ ዕቃ ላይ ያቁም ነው። የፋርጣና የላይ ጋይንት ደጋ ድንች ያበቅላል። የተጠበሰ ድንች በጾምም በፍስክም ይበላል፤ ባርኮት አይጠይቅም፤ ማቀዝቀዣም አያሻውም። በአገር ውስጥ የሚጨመቅ የኑግ ዘይትም አለ። በደብረ ታቦር ይህን ሱቅ የሚከፍት ሰው ድንቹን የዘወትር ገቢው፥ ዶሮውን የፍስክ ቀን ገቢው ቢያደርግ፥ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ወደየቤታቸው የሚሄዱበትንም ወራት በሒሳቡ ቢያስገባ፥ ኪራዩን መክፈል ይችላል ብለን እናምናለን።

ሌላም መንገድ አለ። ሳንድዊች ሻጩ ቢከስርም ቢያተርፍም ዶሮና ድንች መግዛቱ አይቀርም። በወረታ ሩዝ ከሚፈተግባቸው ወፍጮዎች የሚወጣው ብናኝ ለመኖ መቀላቀያ የሚሆን ነው። መኖ የሚያዘጋጅ፥ ጫጩት አሳድጎ የሚያከፋፍል፥ ድንች መርጦና አከማችቶ የሚያቀርብ ነጋዴ ገበያው በአንድ ሱቅ ዝና ላይ የተንጠለጠለ አይሆንም፤ ለዶሮ ወጡም ለሳንድዊቹም ይሸጣልና። የከተማው ሰው ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ዶሮ በሚወደድበት ጊዜ የሚያሰማው ምሬት ይህ ሥራ ባለቤት እንደሚፈልግ ያመለክታል።

አበው «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» የሚሉት እንዲህ ላለው ጊዜ ነው። ገንዘቡን ለዚህ ሥራ ያሰበ ነጋዴ በመክፈቻው ቀን የሚመጣውን ሰው ከመቁጠሩ አስቀድሞ፥ በዐቢይ ጾም አጋማሽ በአንድ ረቡዕ ስንት ሰው እንደሚገባለት በወረቀት ላይ ያስላ። ያ ቍጥር ኪራዩንና የሠራተኛውን ደመወዝ የሚሸፍን ከሆነ ይክፈት፤ እኛም መልካም ገበያ እንመኝለታለን። የማይሸፍን ከሆነ ግን መነሻ ገንዘቡን ለሚሻለው ሥራ ያቆይ።