የሕዝብ ጤና ትምህርትና ለሕዝብ የሚሰጠው አገልግሎት

የአንድ አገር ሕዝብ ጤና የሚጠበቀው በሐኪም ብዛትና በመድኃኒት ክምችት ብቻ አይደለም፤ በሽታው ከቤት ደጃፍ ሳይደርስ ምንጩን ፈልጎ የሚያደርቅ ዐዋቂ ሲገኝ ጭምር ነው። ስለዚህ የሕዝብ ጤናን በሁለተኛ ዲግሪና ከዚያ በላይ የሚያጠኑ ተማሪዎች ከመምህሮቻቸው ጋራ ለሕዝብ የሚሰጡት አገልግሎት፥ በትምህርቱ ላይ የሚጨመር ምጽዋት ሳይሆን የትምህርቱ ዋና ክፍል ነው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011ም የማኅበረሰብ አገልግሎትን ከማስተማርና ከምርምር ጋራ ከዩኒቨርሲቲዎች ሥራ ቈጥሮታል። እንግዲህ የቀረው ጥያቄ አገልግሎቱ ይሰጥ ወይስ ይቅር የሚለው ሳይሆን፥ እንዴት ቢሰጥ ለሕዝቡ ይተርፋል የሚለው ነው።

ይህን ለመመርመር ዱከም ጥሩ ምሳሌ ትሆናለች። ዱከም ከአዲስ አበባ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ወደ ቢሾፍቱና ወደ አዳማ በሚወስደው አሮጌ መንገድ ላይ የምትገኝ ናት። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ስለ ተቋቋመባት፥ ጤፍ ይበቅልበት በነበረው መሬት ላይ ፋብሪካ ቆሞበታል። ሰበታ፥ ቡራዩና ሱሉልታም በየአቅጣጫቸው እንዲሁ ከገጠርነት ወደ ከተማነት በፍጥነት ተለውጠዋል። ከየገጠሩ ለሥራ የመጣው ወጣት አንድ ጠባብ ክፍል ለብዙ ሆኖ በሚከራይበት ስፍራ፥ የውሃውና የመጸዳጃው ሥርዓት ከሰው ብዛት ጋራ እኩል ካልተራመደ፥ ተቅማጥና የሳንባ ነቀርሳ መንገድ ማግኘታቸው የማይቀር ነው።

ደግሞም ዱከም በጥሬ ሥጋ ቤቶቿ በመንገደኛ ሁሉ ዘንድ የታወቀች ናት። ከጥሬ ሥጋ ጋራ የሚመጣውን የኮሶ ትል አባቶች የኮሶን አበባ ጠጥተው ያስወጡት እንደ ነበር ማንም ያውቃል። ነገር ግን ትሉ የሚጀምረው ከሥጋ ቤት አይደለም። የታመመ ሰው በሜዳ ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል በሣር ላይ ይቀራል፤ በሬው ሣሩን ግጦ በሥጋው ውስጥ ይሸከመዋል፤ ሥጋው ሳይመረመርና ሳይበስል ሲበላ ወደ ሰው ይመለሳል። ሐኪም በሽተኛውን አንድ ጊዜ ያድነዋል፤ ሰውየው ግን ዳግመኛ በልቶ ዳግመኛ ይታመማል። መጸዳጃውን፥ ግጦሹን፥ ቄራውንና ሥጋ ቤቱን በአንድ ሐሳብ አያይዞ የሚመረምር፥ ሰንሰለቱም በየትኛው ቀለበት ላይ እንደሚበጠስ ለከተማው ሹማምንት የሚያሳይ የሕዝብ ጤና ባለሙያ ነው። ይህም በክፍል ውስጥ ብቻ ተቀምጦ የሚገኝ ዕውቀት አይደለም።

ኢትዮጵያ ለዚህ ሥራ አዲስ አይደለችም። በ1945 ዓ.ም. በጣና ዳር በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 7 ሺህ ያህል ሰው ከፈጀ በኋላ፥ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። በዚያም የጤና መኰንኖች፥ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎች ተለያይተው ሳይሆን በአንድ ቡድን ሆነው፥ በገጠር ጤና ጣቢያ ሕዝቡን እያገለገሉ እንዲማሩ ተደረገ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ጤና የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት በ1970ዎቹ አጋማሽ ሲጀመርም፥ ጥቂት ቈይቶ በ1979 ዓ.ም. ገደማ በቡታጅራ ከስዊድኑ የኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋራ በመተባበር በዐሥር ቀበሌዎች የሚወለደውንና የሚሞተውን፥ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚመዘግብ ሥራ ተቋቋመ። በጅማም ትምህርትን ከማኅበረሰቡ ጋራ የሚያስተሳስረው ሥርዓት ገና ከጤና ሳይንስ ተቋሙ መመሥረት ጀምሮ የትምህርቱ መለያ ሆኗል።

የቡታጅራን ሥራ ከብዙ ሌሎች የሚለየው መቀጠሉ ነው። ተማሪ መጥቶ ተማሪ ሲሄድ መዝገቡ አልተዘጋም። በአንጻሩ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ለመፈጸም ወደ አንድ መንደር ወርዶ፥ እናቶችን ስለ ልጆቻቸው ሞት ጠይቆና መልሱን ጽፎ ሳይመለስ የሚቀር ከሆነ፥ ተማሪው ዲግሪውን ያገኛል፤ መንደሩ ግን ምንም አያገኝም። ሁለተኛው ተማሪ ያንኑ ጥያቄ ይዞ ሲመጣ ቤቱ ይዘጋበታል፤ ቢከፈትለትም እውነቱ አይነገረውም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ነገር ግን ሕዝቡ በሽታውን ሳይደብቅ ተናግሮ መድኃኒቱ ሳይመጣለት ቢቀር፥ ጥፋቱ የሕዝቡ አይደለም።

የዚህ ችግር መፍትሔ በመምህራን እጅ ነው። ተማሪ ሁለት ዓመት ተምሮ ይሄዳል፤ የሚቀረው መምህሩ ነው። ስለዚህ አንድ ትምህርት ቤት ከዱከም ወይም ከመሰሎቿ ከተሞች የተወሰነ ቀበሌ ተቀብሎ፥ የዘንድሮው ተማሪ የጀመረውን የከርሞው እንዲፈጽመው ቢያደርግ፥ መዝገቡንም መምህሩ ቢጠብቅ፥ አገልግሎቱ ሥር ይሰዳል። ተማሪውም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት የጤና ትምህርት በማድረስ ላይ ካሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋራ ተባብሮ መሥራት እንጂ፥ ሥራቸውን መድገም አይገባውም። የጥናቱ ውጤት ለፈታኞች ብቻ ሳይሆን ለቀበሌው ሸንጎ፥ ለሥጋ ነጋዴውና ለፋብሪካው ባለቤት፥ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ሊነገር ይገባዋል። በውጤቱ ምክንያት አንድ ጕድጓድ ተከድኖ፥ አንድ የውሃ ቧንቧ ተጠግኖ እንደ ሆነ፥ ይህም በተማሪው ማዕርግ ውስጥ ቢቈጠር ትክክል ነው።

የከተማው አስተዳደርና ባለፋብሪካዎችም በበኩላቸው በራቸውን ለምርመራ ሊከፍቱ ይገባል። የሠራተኛው ጤና ሲጓደል ሥራውም አብሮ እንደሚጓደል የታወቀ ነውና።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንዲሉ፥ በዋና ከተማው ዙሪያ ያሉት ከተሞች ለአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የቅርብ ጎረቤቶች ናቸው። መምህሩና ተማሪው በዱከም አልፈው ወደ ሩቅ አገር ከመሄዳቸው አስቀድሞ ከመንገዱ ወረድ ቢሉ፥ ለዕውቀታቸውም ለአገልግሎታቸውም የሚበቃ ሥራ በዚያው ያገኛሉ።