በዕረፍት ቀኔ የቬትናም ምግብ በላሁ፣ ምን አጠፋሁ?

ባለፈው ምግብ ቤት ተቀምጬ የተነሳሁትን ፎቶ ስለጥፍ አንዳንዶቻችሁ "55 ድርሃም ለሹርባ? ለእናትሽ አትልኪውም?" ብላችሁኛል። ከነከነኝ፣ ስለዚህ ልመልስ።

የምሠራው አል አይን ነው። አሠሪዎቼ ዘመድ ጥየቃ አቡዳቢ ሲሄዱ ልጆቹን እንድይዝ ይወስዱኛል። አምና ኻሊዲያ አካባቢ አንድ ዘመናዊ የቬትናም ምግብ ቤት ገባን። ለ6 ሰው ታዘዘ፣ ሰባተኛዋ እኔ ጋሪውን ይዤ ጥግ ላይ ነበርኩ። ሽታው ግን አሠሪና ሠራተኛ አይለይም። ቀረፋው፣ ዝንጅብሉ፣ የአጥንቱ መረቅ… ሆዴ ሲጮህ ሕፃኑ ሳይሰማኝ አይቀርም። ማዳም ክፉ ሰው አይደለችም፣ ማታ እቤት ሩዝ ሰጥታኛለች። እኔ ግን እዚያው ቆሜ "በራሴ ገንዘብ እመጣለሁ" አልኩ።

ብሩ አልነበረም ያስቸገረኝ፣ ቀኑ ነው። በ2022 የወጣው የኤምሬትስ የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት፣ ያውም ከነክፍያው፣ ይላል። በትሕትና ጠየቅኩ፣ ወር ከፈጀ በኋላ በወር ሁለት እሁድ ተፈቀደልኝ። (ግማሹ ነው፣ አውቃለሁ። ትግሉ ይቀጥላል።)

ከአል አይን በአውቶቡስ ሄጄ ከጓደኛዬ ጋር ገባን። አስተናጋጁ "ማዳም፣ ውሃ ላምጣ?" ሲለኝ ዞር ብዬ ማዳምን ፈለግኩ! ጓደኛዬ በሳቅ ሞተች። ያዘዝነው ፎ ይባላል። ቀጭን የሩዝ ፓስታ ላይ ስስ ጥሬ ሥጋ ያደርጉና የፈላ መረቅ ሲያፈሱበት እዚያው ይበስላል። ጥሬ ሥጋ ለምናውቅ ሰዎች አያስፈራም። በጎን በሶብላ የሚመስል ቅጠል፣ ሎሚና ቃሪያ ይመጣል፣ እንደ ፍላጎትሽ ትጨምሪያለሽ። በእንጨቱ መብላት አቅቶን ሹካ ጠየቅን። ቡናቸው በጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት ነው። ቬትናም በቡና ምርት ከብራዚል ቀጥላ ሁለተኛ ናት አሉ፣ ይሁን፣ ጣዕሙን ግን ለእኛ ይተዉልን።

አሁን ወደ እናቴ ልምጣ። ደሞዜ 1000 ድርሃም ነው፣ የዚያን ወርም እንደወትሮው ልኬላታለሁ። የደላላ ዕዳ ያለባት እህት መጀመሪያ ዕዳዋን ትክፈል፣ በዚህ እስማማለሁ። ሌሎቻችን ግን ዓመት ሙሉ ሌላው የበላበትን ሳህን ስናጥብ ማንም "ኧረ በዛ" አላለንም፣ አንድ ቀን ተቀምጠን ስንበላ ነው ስድብ የሚመጣው። ያውም ከራሳችን ሰው። ለእናቴ በስልክ ስነግራት ምን አለችኝ መሰላችሁ? "ጠገብሽ ወይ?"

የሚቀጥለው እሁዴ ጾም ውስጥ ስለሚውል በሩዝ ወረቀት የሚጠቀለለውን የአትክልቱን ነው የማዝዘው፣ የዓሣ ማጣፈጫ እንዳይጨምሩበት ነግሬ። አቡዳቢ ያላችሁ፣ የምትመጡ ከሥር ጻፉልኝ።